ሌብነትን መከላከልና የሸማቹ ክብር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኒው ዮርክ ወይም በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንዲት እናት የልብስ ሳሙና ልትገዛ ወደ መደብር ትገባለች እንበል። ሳሙናው በመደርደሪያው ላይ ተደርድሯል፤ ዓይኗ ያየዋል፤ እጇ ግን አይደርስበትም፤ መደርደሪያው በመስተዋት ተዘግቶ ተቆልፏልና። በአጠገቡ ያለውን ደወል ተጭና ባለ ቁልፉ ሠራተኛ እስኪመጣ ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ የምታስበው ስለ ሳሙናው አይደለም። «ይህ ቤት የሚያየኝ እንደ ደንበኛ ነው ወይስ እንደ ሌባ?» እያለች ነው። ሠራተኛው ከዘገየባትም ትታው ትወጣለች። መደብሩ በዚያ ቀን ከሌባ ያዳነው ሳሙና በመዝገቡ ላይ እንደ ጥቅም ይታይለት ይሆናል፤ ሳትገዛ የሄደችው ሴት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አትጻፍም።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ያልተጻፈ ሒሳብ ነው። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ነጋዴ ንብረቱን መጠበቁ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው፤ ዕቃው የባለ አክሲዮኖች ሀብት፣ የአበዳሪዎች መያዣና የሠራተኞች እንጀራ ነውና። ነገር ግን ሁሉን የሚጠረጥርም ሊመነጠር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመነጥረው ሌባው ሳይሆን ዝም ብሎ የሚቀረው ደንበኛ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የጥበቃ ዘዴ ሊመዘን የሚገባው ስንት ሌባ እንዳስቀረ ብቻ ሳይሆን፣ ከፍሎ የሚወጣውን ሰው እንዴት እንዳስተናገደም ጭምር ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባንኮኒው መፍረስ

በቀድሞው የችርቻሮ ንግድ ሥርዓት ዕቃው ከባንኮኒው በስተኋላ፣ ገዢው ከባንኮኒው በስተፊት ነበሩ። ገዢው የሚሻውን ይናገራል፤ ሻጩ አውርዶ፣ መዝኖና ጠቅልሎ ይሰጠዋል። ይህ ሥርዓት በአዲስ አበባ መንደሮች ባሉ ትንንሽ ሱቆች ዛሬም ይሠራበታል። ባንኮኒው የመሸጫ ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን አጥርም ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፈው የሻጩ እጅ ብቻ በመሆኑ ገዢው ሌባ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም።

ይህን አጥር ያፈረሰው ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። በሴፕቴምበር 6 ቀን 1916 በቴነሲ ክፍለ ግዛት በሜምፊስ ከተማ «ፒግሊ ዊግሊ» የተባለውን ሱቅ ከፍቶ፣ ገዢው ራሱ ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎቹ መካከል እንዲዘዋወርና የመረጠውን በእጁ እንዲያነሣ አደረገ። ለአሠራሩም በ1917 የፈጠራ መብት አገኘ። ይሁን እንጂ የሱቁን አሠራር በጥሞና ለተመለከተው፣ ሳውንደርስ ነጻነትን የሰጠው ከነጥበቃው ነበር። ገዢው የሚገባው በሚዞር መዝጊያ ነው፤ ከገባ በኋላ መደርደሪያዎቹን ሁሉ በሚያዳርስ በአንድ ጠመዝማዛ መንገድ ይጓዛል፤ መውጫውም በገንዘብ ተቀባዩ ፊት ብቻ ነው። ከዚህ እንደሚታየው የራስ አገልግሎትና ሌባን የመጠበቅ ዘዴ በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው።

በዚህ ለውጥ ባለ ሱቁና ገዢው ሳይጽፉት አንድ ውል ተዋዋሉ። ገዢው ቀድሞ ሻጩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ተቀበለ፤ ራሱ ይፈልጋል፣ ራሱ ያነሣል፣ ራሱ ይሸከማል። ባለ ሱቁ በበኩሉ የሠራተኛ ወጪ ቀነሰለት፤ በምላሹም ዋጋውን ዝቅ አደረገ፣ ዕቃውንም ለገዢው እጅ አመነ። በተጨማሪም ሰው ያየውንና የዳሰሰውን ዕቃ፣ ከቤቱ ሲወጣ ያላሰበውን እንኳ፣ ይገዛል። እንግዲህ የሱፐርማርኬት ትርፍ የቆመው በገዢው እጅ ነጻነት ላይ ነው። ሌባውም የሚጠቀመው በዚሁ ነጻነት ነው። የችግሩ ሥር ይኸው ነው፤ ለሌባው የሚበጀውን መንገድ ፈጽሞ ለመዝጋት የሚሻ መደብር ገዢ የሚመጣበትንም መንገድ ሳይዘጋ አይቀርም።

የሚጮኸው በር

በ1960ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ ወደ መደብሮች በር ደረሰ። ሮናልድ አሳፍ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በአክሮን ከተማ የአንድ ሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ወይን ይዞ ሲሸሽ አሳዶ ሳይደርስበት መቅረቱ፣ ሮጦ ከመያዝ የተሻለ ዘዴ እንዲፈልግ እንዳነሣሣው ይነገራል፤ ከዚህም «ሴንሶርማቲክ» የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። በዚያው ዘመን አርተር ሚናሲ የተባለ ሌላ አሜሪካዊም ለዚሁ ዓላማ የሚሆን መሣሪያ ሠርቶ የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

የመሣሪያው አሠራር ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ስስ ምልክት በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ መሰል ብረት አለው። በበሩ ግራና ቀኝ የቆሙት ምሰሶዎች ያለማቋረጥ የራዲዮ ሞገድ ይልካሉ፤ ለብዙዎቹ የተመረጠው ልክ 8.2 ሜጋኸርዝ ነው። ምልክቱ በመካከላቸው ሲያልፍ ለሞገዱ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ደወሉ ይጮኻል። ሌላው ዓይነት በ58 ኪሎኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን የብረት ቅጠል ነው። ገዢው ሲከፍል ገንዘብ ተቀባዩ ምልክቱን በተዘጋጀለት ሰሌዳ ላይ አሳልፎ ኃይሉን ያጠፋዋል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛው በሥራ ብዛት አንዱን ምልክት ሳያጠፋ ካለፈ፣ በሩ የሚጮኸው በከፈለው ሰው ላይ ነው።

ደወል በሚጮኽበት ጊዜ የሰው ጠባይ በግልጥ ይታያል። ልማደኛው ሌባ ምልክቱን አስቀድሞ ነቅሎታል፤ ካልነቀለውም አካሄዱን ሳይለውጥ ይወጣል። ደንግጦ የሚቆመው፣ ፊቱ የሚቀላው፣ ቦርሳውን ሳይጠየቅ የሚከፍተውና ደረሰኙን የሚፈልገው ንጹሑ ሰው ነው። ሌላው ገበያተኛ ዞር ብሎ ያየዋል፤ ያች ቅጽበት ለገንዘብ ተቀባዩ ትንሽ ስሕተት ብትሆንም ለተመለከቱት ሰው ግን የስም ጉዳይ ናት። ደወሉም በከንቱ በጮኸ ቁጥር ሰሚ እያጣ ይሄዳል፤ ሠራተኛው በእጁ «ይሂዱ» ብሎ ያሳልፋል፤ በዚያው እጅ ሌባውም ያልፋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ምልክቱ ከውድ ዕቃ ወደ ተራ ዕቃ ወርዷል፤ የኑሮ ውድነት በበረታበት በ2022 በብሪታንያ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ቅቤና አይብ ላይ ሳይቀር ጥበቃ አድርገው ታይተዋል።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል?

የሒሳብና የቁጥጥር ባለሙያ ዘዴውን ከመምረጡ በፊት ጉድለቱን ሊያውቅ ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በ2022 የሒሳብ ዓመት የታየው የዕቃ ጉድለት በአማካይ ከሽያጩ 1.6 በመቶ መሆኑን፣ ይህም ወደ አገሪቱ ጠቅላላ የችርቻሮ ሽያጭ ሲመነዘር 112.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገልጧል። ከጉድለቱም 36 በመቶው ከውጭ በሚመጣ ሌባ፣ 29 በመቶው በውስጥ ሠራተኛ ስርቆት፣ 27 በመቶው ደግሞ በአሠራርና በቁጥጥር ስሕተት የደረሰ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲደመሩ 56 በመቶ ይሆናሉ። ይህም ማለት ከጉድለቱ የሚበልጠው እጅ ከገዢው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። መስተዋቱ፣ ደወሉ፣ ካሜራውና ዘበኛው ግን ፊታቸውን ያዞሩት በአብዛኛው ወደ ገዢው ነው።

ቁጥር በጥንቃቄ ካልተያዘ ፍርሃትን ያባዛል። ይኸው ማኅበር የ94.5 ቢሊዮን ዶላሩን የቀድሞ ዓመት ጉድለት ግማሽ ያህሉን ያደረሱት የተደራጁ ሌቦች ናቸው ብሎ ያሳተመውን ቃል በዲሴምበር 2023 ሰርዟል። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር የታላቁ የዎልግሪንስ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ኩባንያው ባለፈው ዓመት ስለ ሌብነት ከልክ በላይ አልቅሶ ሊሆን እንደሚችል ለባለ አክሲዮኖች በይፋ ተናግሯል።

ይህ ሲባል ሌብነቱ ተረት ነው ማለት አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ዲሴምበር 2024 በነበረው አንድ ዓመት ፖሊስ የመዘገበው የሱቅ ስርቆት 516,971 ደርሷል፤ ይህም ካለፈው ዓመት 20 በመቶ የበለጠ ነበር። የብሪታንያ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበርም በ2023/24 በሱቅ ሠራተኞች ላይ በየቀኑ ከ2,000 የሚበልጥ የድብደባና የስድብ በደል እንደ ደረሰ ገልጧል። ባዶ መደርደሪያ ፊት የሚቆመውም፣ ሌባውን የሚጋፈጠውም በትንሽ ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ ነው። ስለዚህ «መጠበቅ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለው የሚያከራክር አይደለም፤ የሚያከራክረው የጥበቃው ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ገዢው ገንዘብ ተቀባይ ሲሆን

ሳውንደርስ በ1916 የሻጩን ሥራ ለገዢው እንዳስተላለፈ ሁሉ፣ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የገንዘብ ተቀባዩም ሥራ እንዲሁ መተላለፍ ጀመረ። ገዢው የዕቃውን ባርኮድ ራሱ ለመሣሪያው ያሳያል፤ ራሱም ይከፍላል። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አድሪያን ቤክና ማት ሆፕኪንስ በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ገዢዎች ዕቃቸውን ራሳቸው የመዘገቡበትን አንድ ሚሊዮን ያህል ግብይት መርምረው፣ ከ21 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ 850,000 ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ሳይመዘገብ እንደ ወጣ አገኙ፤ ይህም 4 በመቶ ገደማ ነው። የተፈተኑት ሰዎች ሁሉ ሌቦች ነበሩ ማለት አይቻልም፤ መሣሪያው ያላነበበውን፣ እጅ የዘነጋውንና ሆን ተብሎ የታለፈውን አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራልና።

በዚያው ዓመት የወንጀል ጥናት ሊቅ የሆኑት ኤመሊን ቴይለር ስለዚሁ ጉዳይ ያሳተሙት ጽሑፍ አንድ አስገራሚ ነገር ይጠቅሳል። አንድ ታላቅ ሱፐርማርኬት መዝገቡን ቢመረምር ከነበረው ካሮት የበለጠ ካሮት ሸጦ ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ ገዢዎች ውድ የሆነውን አትክልት በሚዛኑ ላይ አስቀምጠው «ካሮት» የሚለውን እየተጫኑ ኖሯል። እነዚህ ሰዎች ጠርሙስ ይዘው የሚሮጡ አይደሉም፤ በሌላው ኑሯቸው ሕግ አክባሪዎች ናቸው። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቢቀበላቸው «ይህ ካሮት ነው» ለማለት ያፍሩ ነበር። መሣሪያው ግን አያይም፤ አያሳፍርምም። ከዚህም በላይ ገዢው ለሌላው ሥራ ያለ ደመወዝ እንደሚሠራ ስለሚሰማው፣ የቀነሰውን ሳንቲም እንደ ድካሙ ዋጋ አድርጎ ለራሱ ያመካኛል። የሰው ፊት ከመደብሩ ሲወጣ አብሮት ዕፍረት ወጥቷል ማለት ነው።

መደብሮቹ ይህን ጉድለት ሲያዩ ሌላ መቆጣጠሪያ ጨመሩ። የተገዛውን የሚመዝኑ ሰሌዳዎች፣ ከራስ በላይ የተሰቀሉ ካሜራዎች፣ ከ2023 ወዲህም በአንዳንድ የብሪታንያ ሱፐርማርኬቶች የደረሰኙ ባርኮድ ሲታይ ብቻ የሚከፈት በር መጡ። የገዢዎቹ ቅሬታ ከዚህ ላይ በረታ። በር የሚከፍተው ደረሰኝ ከሆነ፣ የሚፈልገውን አጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው በምን ይወጣል? ሠራተኛ ጠርቶ ያልሰረቀ መሆኑን ማስረዳት ሊኖርበት ነው። ሥራውን ለገዢው አስተላልፎ እምነቱን መልሶ የሚወስድ መደብር የጥንቱን ውል በአንድ ወገን አፍርሷል። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ቡዝስ የተባለ የሱፐርማርኬት ድርጅት በኖቬምበር 2023 መሣሪያዎቹን ከ28 መደብሮቹ ከሁለቱ በስተቀር ለማንሣት የወሰነው፣ ገዢዎቹ መሣሪያዎቹ ዝግተኞችና የሰው ለዛ የሌላቸው መሆናቸውን ስለ ነገሩት ነው።

የቁልፉ ሒሳብ

በመግቢያው ወደተጠቀሰው መስተዋት እንመለስ። አንድ መደርደሪያ በሳምንት 100 ፍሬ ዕቃ ይሸጣል፤ የአንዱ መግዣ 80 ብር፣ መሸጫው 100 ብር ነው እንበል። በሳምንት 4 ፍሬ ይሰረቃል። መደርደሪያው ቢቆለፍና ስርቆቱ ፈጽሞ ቢቀር መደብሩ 320 ብር ያድናል። ነገር ግን ከገዢዎቹ 15ቱ ቁልፉን አይተው ቢያልፉ የሚቀረው ያልተጣራ ትርፍ 300 ብር ነው። ከመስተዋቱ የተገኘው ጥቅም 20 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚህም ላይ የቁልፉ ዋጋና ለመክፈት የሚመላለሰው ሠራተኛ ጊዜ ይነሣል። የሚቀሩት ገዢዎች 16 ከደረሱ ጥቅምና ጉዳቱ እኩል ለእኩል ነው። ገዢው ሌላ መደብር ሄዶ ዳቦውንና ወተቱንም ከዚያው ቢገዛ ደግሞ ኪሳራው ከመደርደሪያው አልፎ ቤቱን ሁሉ ይነካል።

ይህ ምሳሌ ከእውነቱ የራቀ አይደለም። ኑሜሬተር የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት በ2024 ለአሜሪካውያን ሸማቾች ጥያቄ ቢያቀርብ፣ 27 በመቶዎቹ የተቆለፈ ዕቃ ሲያጋጥማቸው ወደ ሌላ ሻጭ እንደሚሄዱ ወይም መግዛቱን እንደሚተዉት መልሰዋል። የዎልግሪንስ ዋና ሥራ አስኪያጅም በጃንዋሪ 2025፣ ዕቃ ሲቆለፍ ሽያጩ እንደሚቀንስ በግልጥ አምነዋል። ቁልፉ የባንኮኒው መመለስ ነው፤ ሆኖም ከባንኮኒው በስተኋላ ቆሞ «ምን ልስጥዎ?» የሚለው ሻጭ አብሮ አልተመለሰም።

የማይሳሳት የመሰለው ዓይን

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው ፊት የሚለየው ካሜራ ነው። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ራይት ኤይድ የተባለው የመድኃኒት መደብሮች ድርጅት በዚህ መሣሪያ ለአምስት ዓመት እንዳይጠቀም ገደብ ጣለበት። ኮሚሽኑ እንዳለው ድርጅቱ ከ2012 እስከ 2020 በሠራበት መሣሪያ ምክንያት ሠራተኞች ንጹሐን ሰዎችን ተከታትለዋል፣ በሰው ፊት ከስሰዋል፤ የ11 ዓመት ልጅ እንኳ ተይዛ ተፈትሻለች። በስሕተት የመጠርጠሩም ዕጣ በሴቶችና በጥቁሮች ላይ በርትቶ ወድቋል።

በአንጻሩ በኒው ዚላንድ በ2024 በ25 ሱፐርማርኬቶች ለስድስት ወር የተደረገው ሙከራ ከባድ በደልን 16 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ ተገምቷል። የአገሪቱ የግል ምስጢር ጥበቃ ኮሚሽነር በ2025 ባወጣው ውሳኔ ሙከራው ከሕጉ ጋር የሚስማማ መሆኑን ሲገልጥ፣ ምክንያት ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ጋር ያልተገናኘ ፊት ወዲያው መሰረዙ ነው። ይሁንና በዚያም ቢሆን 225 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ፊት ተመርምሯል፤ በስሕተት የተጠረጠሩ ንጹሐንም አልጠፉም።

በኢትዮጵያ ታሪክ «ሌባ ሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር። አንድ ብላቴና መድኃኒት ተሰጥቶት ራሱን ስቶ በየመንደሩ ይሮጣል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። የዚያ ሥርዓት ክፋቱ አንዳንድ ጊዜ መሳሳቱ ብቻ አልነበረም፤ የተመለከቱት ሰው የሚከራከርበት አፍና የሚያቀርበው ማስረጃ አለመኖሩ ነው እንጂ። ከመድኃኒቱ ወደ ካሜራው የእውቀት ርቀቱ እጅግ ብዙ ነው፤ የተጠቆመው ሰው ሊከራከር ካልቻለ ግን የፍርዱ መልክ አንድ ነው። «መሣሪያው አለ» ማለት «ብላቴናው ወደቀ» ከማለት እንዳይመሳሰል፣ በመሣሪያው ጥቆማና በሰው ክብር መካከል አስተዋይ ሰው መቆም አለበት።

ለኢትዮጵያ የሚሆን ትምህርት

በአዲስ አበባ አያሌ ሱፐርማርኬቶች ገዢው ቦርሳውን በር ላይ አስረክቦ ቁጥር ይቀበላል፤ ሲወጣም ዘበኛው ደረሰኙን ያያል። ይህ አሠራር ለሁሉም እኩል ከሆነ፣ ዘበኛውም «እንደምን ዋሉ» ብሎ ከተቀበለ፣ ገዢው እንደ ቤቱ ደንብ ይቀበለዋል። ባለ መኪናው ቦርሳውን ይዞ ሲያልፍ ባለ ዘንቢሏ እናት ከቆመች ግን ደንቡ ስድብ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር መንግሥት የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለ ሀብቶች በተወሰነ ደረጃ ከከፈተ ወዲህ፣ በውጭ አገር የተፈተኑት መሣሪያዎች አብረው መምጣታቸው የሚጠበቅ ነው። ከነመሣሪያው የተገኘውም ትምህርት አብሮ ቢመጣ መልካም ነው።

ትምህርቱም ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ቁልፍ ከመገዛቱ በፊት የዕቃ ቆጠራው ይጣራ፤ ከገዢው እጅ፣ ከመጋዘኑና ከመዝገቡ የትኛው እንደሚያጎድል ሳይታወቅ የሚደረግ ጥበቃ በጨለማ እንደ መተኮስ ነው። ሁለተኛ፣ ደንቡ ሰው ሳይለይ ለሁሉ ይሁን። ሦስተኛ፣ በስሕተት ለተጠረጠረ ሰው የሚደረገው አስቀድሞ ይወሰን፤ ወደ ጎን ወስዶ በትሕትና መጠየቅ፣ ስሕተቱ ሲታወቅም በሰው ፊት ለተነካ ስም በሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ ይገባል። አራተኛ፣ ደንበኛውን በስሙ ወይም በሰላምታ የሚቀበል ሠራተኛ በወጪ ዓምድ ብቻ አይጻፍ፤ ሰላም የተባለ ደንበኛ ይደሰታል፣ ሰላም የተባለ ሌባ ግን እንደ ታየ ያውቃል። አምስተኛ፣ የጥበቃው ሒሳብ በሁለት ወገን ይያዝ፤ በአንዱ የዳነው ዕቃ፣ በሌላው ሳይገዛ የሄደው ሰው።

የሁለተኛውን ወገን ቁጥር ማግኘቱ ድካም አለው፤ ሆኖም መደርደሪያው ከመቆለፉ በፊትና በኋላ የነበረውን ሽያጭ ማስተያየት ለማንኛውም የሒሳብ ባለሙያ የሚያዳግት አይደለም። የዚህ ማኅበር አባላት የየድርጅታቸውን ጉድለት መርምረው ለሥራ አስኪያጆች ሐሳብ የሚያቀርቡ ናቸውና፣ በሪፖርታቸው ውስጥ ለዚያች በመስተዋቱ ፊት ቆማ ለጠበቀችው ሴት አንድ መስመር ሊተዉላት ይገባል። ሌባው በመደብሩ በር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፤ እርስዋ ግን በየሳምንቱ ትመጣለች፤ የመደብሩ ዕድሜም የሚቆመው በእርስዋ ተመልሶ መምጣት ላይ ነው።